ለመጪ እንግዳ የተቋጠረ ስንቅ

ብርሃንነሽ መርፌውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ቀዩን ክር ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ በአራተኛው ገባላት። ጉልበቷ ላይ የተዘረጋው ከረጢት ከአዲስ አቡጀዴ የተሰፋ፣ አፉ በገመድ የሚሳብ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ሰፊ ማንገቻ ያለው ነው። ፊቱ ላይ «መልካም መንገድ» ብላ ልትጠልፍበት ከጠዋት ጀምራ ተቀምጣለች፤ የቀረቻት የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። ክሩን በጨረሰች ቁጥር ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ትደብቀዋለች። ድሮ በምትሠራበት የስፌት ክፍል አንዲት ኃላፊ ነበረች፤ የተሰፋውን ሁሉ ገልብጣ ጀርባውን ሳታይ የማትቀበል። ኃላፊዋ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል፣ ብርሃንነሽ ግን እስከ ዛሬ ጀርባውን ሳታሳምር ጨርቅ አታስቀምጥም።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። እንግዳዋ ነገ ረቡዕ ወደ አመሻሹ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ሦስት ሌሊት ልታድር ነው። ሦስት ሌሊት! ብርሃንነሽ ይህን ባሰበች ቁጥር መርፌው ከእጇ ያመልጣል።

ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ ተዛውረው ጅማ የገቡ ጸሐፊ ነበሩ። እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላና የበሽተኛ ልብስ ስትሰፋ ኖራ ጡረታ ወጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ አፋር ናት። ገበያ ላይ ሻጩ ዋጋ ሲጠራባት ወይ እሺ ብላ ትገዛለች፣ ወይ ዝም ብላ ትሄዳለች፤ ተከራክራ አታውቅም። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ጎሳዬ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ያለው ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ የእንግዳ ቤት ነው፤ የእንግዳ ቤቱ በግቢው በኩል የራሱ በር አለው።

ጎሳዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአጋሮ፣ ከገራ፣ ከሊሙ ቡና ጭኖ ጅማ ያራግፋል። ያን ጊዜ መንገዱ በክረምት ጭቃ በበጋ አቧራ ነበርና፣ ለፍርድ ቤት ወይም ለሐኪም ወደ ከተማ የወጣ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ መመለስ አይችልም። ጎሳዬ ደግሞ መንገድ ላይ የቆመ ሰው አልፎ መሄድ አይሆንለትም። ከጎኑ ያስቀምጠውና ከእነሻንጣው፣ ከእነዶሮው ይዞት ይመጣል። ገና ከበር፣ «ብሬ! እንግዳ!» ብሎ ይጣራል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቡና ወቅት ደግሞ በየቀኑ። የእንግዳ ቤቱን የሠሩትም መተላለፊያ ስላጡ ነው።

የቀልድ ስጦታው የተጀመረው በነጋሳ ነው። ነጋሳ የገራ ቡና ገበሬ፣ ግዙፍ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር፤ ሲተኛ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ያደረ ጊዜ ጎሳዬ ተነስቶ የመኪናው ሞተር መጥፋቱን ሊያረጋግጥ ወጥቷል። በወሩ ነጋሳ ተመልሶ ሲመጣ፣ ብርሃንነሽ ከሆስፒታል ትርፍ ጥጥ አምጥታ ለስምንት ጆሮ የሚበቃ መወተፊያ ጠቀለለች፤ በአውራ ጣት በምታክል ከረጢት ከተተችና ላዩ ላይ «ለቤተሰቡ ጆሮ» ብላ ጠልፋ ትራሱ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ በራሷ ድፍረት ደንግጣ ወጥ ቤት ገብታ ተደበቀች።

ነጋሳ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ግቢ ወጣ። «የት አላችሁ? ኑ! ጆሮ ጆሮአችሁን አምጡ!» እያለ ለጎሳዬ፣ ለጎረቤቱ፣ ግቢ ውስጥ ለታሰረው በግ ሳይቀር አደለ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። የጎሳዬ እህት ወይንሸት ቤት ገብታ ከመቀመጧ በፊት ጣቷን በቁም ሳጥኑ ላይ አንሸራታ አቧራ የምትፈልግ ናት፤ ለእሷ ከነጭ ጨርቅ አንድ ጣት ብቻ ያለው ጓንት ተሰፋላት። ወይንሸት ሦስት ቀን ሙሉ አጥልቃው ዋለች፤ ስትሄድም ይዛው ሄደች። ሌሊቱን ሁሉ «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያለ ሰው የሚቀሰቅስ ተጓዥ ደግሞ የጨርቅ ሰዓት ተሰፋለት፤ ቆጣሪዎቹ በጥቁር ክር የተጠለፉ፣ ምንጊዜም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚያሳዩ። ሰዎች የብርሃንነሽን እንግዳ ቤት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያስቡት ትራሱን ነበር። ገብተው ሰላምታ ሳይጨርሱ ወደዚያ ያያሉ። በአፏ የማትደፍረውን በመርፌ ትናገራለች፣ እነሱም ይስቁላታል። እሷም በግድግዳው ማዶ ሆና ሳቁን ትሰማለች። ከሁሉ የምትወደው ያንን ነበር፤ በግድግዳ በኩል የሚመጣውን የእንግዳ ሳቅ።

የሀያት ሳቅ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ሀያት አጋሮ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች። ጎሳዬ መጀመሪያ ያመጣት ዓይኗን ታማ ሐኪም ቤት ልትታይ ስትመጣ ነው። ገና ደፍ ላይ ቆማ፣ ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ነገ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ፤ እንዳትለምኑኝ» አለች። ስምንት ቀን ቆየች። በሁለተኛው ጊዜም እንዲሁ አለች፤ አስራ አንድ ቀን ቆየች። በሦስተኛው ጊዜ ግን ትራሷ ላይ የተቋጠረ ስንቅ ጠበቃት፦ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጎህ ሳይቀድ ለምትወጣ ሰው የምትሆን ጣት የማታህል ቁራጭ ሻማ፣ ደግሞም ከቡና ቅርንጫፍ የተቀረጸች የእርሳስ ቁመት ያላት ምርኩዝ።

«ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች ሀያት። «አንቺ ብሬ! ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ታባርሪኛለሽ?»

«ነገ በጠዋት እሄዳለሁ ስላልሽ ነው እኮ» አለች ብርሃንነሽ በግድግዳው ማዶ።

«ይቺ ዝምተኛ ገደለችኝ! ጎሳዬ፣ ሚስትህ ገደለችኝ!»

አልጋው ላይ ተቀምጣ ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመች፣ በትንሿ ምርኩዝ ግድግዳውን እየመታች ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል፣ በመጣች ቁጥር ስንቋ ተቋጥሮ ይጠብቃታል፤ እሷም በመጣች ቁጥር እንደ አዲስ ትጮኻለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎሳዬ በሞተ ሰሞን፣ ብርሃንነሽ ስንቅ ሳትቋጥር ቀረች። ሀያት ትራሱን አየችና፣ «እንግዲያው ዛሬስ ከልብሽ ልታሳድሪኝ ነው» ብላ አቅፋት አለቀሱ።

የእንግዳ ቤቱ አልጋ ከግድግዳው ጋር አልተስተካከለም፤ ሰያፍ ነው። ሀያት ስትሰግድ ወደ ቂብላ የሚበቃ ቦታ እንዲኖራት ብላ ብርሃንነሽ ራሷ ያዞረችው ነው። ሌላው እንግዳ ሁሉ በጨለማ ጣቱን እየመታ ይራገማል፣ አልጋው ግን እንደዞረ ቀረ። መስገጃውም ተጣጥፎ ከራስጌ አለ። ለሀያት ብቻ የሚሠራበት ድስትም ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አለ።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። ሚኒባሱ በየሰዓቱ ሆነ። ፔንሲዮኑ በየጥጉ ተሠራ። ከአጋሮ ጠዋት የተነሳ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ ቤቱ ይደርሳል፤ ሰው ቤት ምን ያሳድረዋል? ነጋሳ ሞተ። ወይንሸት አርጅታ አዲስ አበባ ልጇ ጋ ገባች። ሀያት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በረመዳን ማግስት አረፈች። ብርሃንነሽ ለቀብር አጋሮ ሄዳ በዚያው ቀን ተመለሰች፤ መንገዱ ጥሩ ነውና።

አሁንም በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የእንግዳ ቤቱን አንሶላ ታጥባለች። ማንም ያልተኛበት አንሶላ ነው። በር ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቷ ሳቢሃ ይህን ስታይ ልቧ አይችልም።

«እትዬ ብርሃኔ፣ ያቺን ክፍል ለተማሪ አያከራዩም? ግቢውም ሰው ሰው ይሸታል።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«ማን?»

ብርሃንነሽ አንሶላውን ታራግፋለች።

እንግዲህ እንዲህ ሆና ሳለች ነው ባለፈው እሑድ ስልኩ የጮኸው።

«እማማ ብርሃንነሽ? ማሂራ ነኝ፣ የሀያት ልጅ።»

ማሂራን በሕፃንነቷ ነው የምታውቃት፣ በእናቷ ቀሚስ ተጠቅልላ። አሁን አጋሮ አስተማሪ ናት። ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና አለባት፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት። እናቷ ሁልጊዜ ስለዚህ ቤት ታወራላት ነበር። «አላስቸግርዎትም?» አለች። ብርሃንነሽ «ኧረ ምን ችግር አለው» አለች። ትንሽ ቆይታ ማሂራ እንደገና፣ «እርግጠኛ ነዎት እማማ? አላስቸግርዎትም?» አለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

ብርሃንነሽ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ አቡጀዴ ልትገዛ ወጣች።

ስንቁን ለመቋጠር አላመነታችም። የእናትየው ነበር፣ ለልጅየው ይተላለፋል። ነገር ግን ዳቦ ቆሎውን አስቀምጣ ሻማዋንና ምርኩዟን ለማዘጋጀት ስትነሳ እጇ ቆመ። ማሂራ አስተማሪ ናት፤ ዲግሪ አላት፤ ከብዙ ሰው ፊት ቆማ የምትናገር ሰው። እንዲህ ያለች ሰው የእርሳስ ቁመት ያላት ምርኩዝ ቢሰጧት ምን ትላለች? አሮጊቷ ተጃጀለች ነው የምትለው። ስለዚህ ሻማዋን ተወች፤ ምርኩዟንም ተወች። በምትካቸው ስንቁን አሳመረችው። በእፍኝ የነበረውን ዳቦ ቆሎ ኪሎ አደረገችው፣ ኦቾሎኒ ጨመረች፣ ስድስት እንቁላል ቀቀለች፣ የታሸገ ውሃ ገዝታ በጎኑ ከተተች። ከረጢቱም ዓመት የሚያገለግል ከረጢት ሆነ። ሲያልቅ አንጠልጥላ አየችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰፋቻቸው ሁሉ የበለጠ አምሯል። ማታውን በዚህ ደስ ብሏት ተኛች።

ረቡዕ ማሂራ በሰዓቷ መጣች። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፊቷ የእናቷ፣ ዝምታዋ ግን የእናቷ ያልሆነ። ሁለት እጇን ዘርግታ ሰላም አለች፤ ከሳቢሃ ሱቅ ኮረብታ የሚያህል ሙዝ ገዝታ ነበር። «አስቸገርኩዎት እማማ» አለች ደግሞ።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ክፍልሽ እዚህ ነው። ዕቃሽን አስቀምጪ፣ እኔ ራት ልይ።»

ብርሃንነሽ እንደ ልማዷ በሩን ገርበብ አድርጋላት ወደ ዋናው ቤት ገባች። ድስቱን አልከፈተችም። ግድግዳው አጠገብ ቆመች። የሻንጣ ዚፕ ሰማች። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። የከረጢቱ ገመድ ተሳበ፣ የውሃው ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ብርሃንነሽ ትንፋሿን ያዘች።

ከዚያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የግቢው ቧንቧ ተከፈተ፤ ማሂራ ለሶላት ውዱእ እያደረገች ነው።

ራት ላይ ሽሮና ጎመን፣ በሀያት ድስት የተሠራ አልጫ ድንች ነበር። ማሂራ ትንሽ ትንሽ ነው የጎረሰችው።

«ለስንቁ ገላቶማ እማማ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነች ዓይኗን ሳታነሳ። «ብዙ ደከሙ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አለች ብርሃንነሽ። ፈገግ ብላ ጠበቀች። ሌላ ነገር አልመጣም።

«ጤናዎት እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ነው ትንሽ። እንግዲህ እርጅና ነዋ፣ እንደ ድሮው አይቻልም።»

ይህን ያለችው ሰው ጤናውን ሲጠየቅ እንደሚለው ነው እንጂ ጉልበቷን ያን ቀን ጨርሶ አላሰበችውም። ማሂራ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። ሳህኑን ራሷ አንስታ፣ ራሷ አጥባ፣ የታጠበበትን ሁሉ በጨርቅ ወልውላ፣ «ደህና እደሩ» ብላ ገባች።

ጠዋት በአንድ ሰዓት ለብሳ፣ አንሶላውን አጣጥፋ፣ ሻንጣዋን ዘግታ ወጣች። ከረጢቱ ትከሻዋ ላይ ነው።

«እማማ፣ አዘጋጆቹ ማደሪያ አዘጋጅተውልናል፤ እዚያው ከጓደኞቼ ጋ ብሆን ለሥልጠናውም ይቀርበኛል። አላህ ይስጥልኝ፤ በጣም አከበሩኝ።»

እዚህ ላይ ማንም ሌላ ሴት ብትሆን የምትለው የታወቀ ነው። ሻንጣውን ከእጇ ትነጥቃለች። «በሞቴ! እኔ ልሙት አትሄጂም! የእናትሽ አጽም ይወቅሰኛል!» ትላለች። እንግዳም እንዲህ እስኪባል ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ እምቢ ይላል፣ ሁለተኛ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይቀመጣል። ብርሃንነሽም ቃሎቹን ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ሰው ሲላቸው ሰምታለች። በሕይወቷ ግን አንድም ቀን ብላቸው አታውቅም። ይህን ሥራ የሚሠራው ጎሳዬ ነበር፤ ሻንጣ ይዞ የሚሮጠው፣ በር ላይ የሚቆመው። ሀያት ደግሞ ልመናም አያስፈልጋት።

«እሺ ልጄ» አለች ብርሃንነሽ። «እንደሚመችሽ።»

ማሂራ ጉንጯን ስማ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ብርሃንነሽ ጨው ልትገዛ ወደ ሱቁ ወጣ አለች። ሳቢሃ ከመስኮቱ ውስጥ ሆና ሚዛኑን እየጠረገች ነበር።

«እትዬ ብርሃኔ! ሰው አስተናግዱ ሲባል እንዲህ ነው እንዴ? አንድ ቀን አሳድሮ ስንቅ ቋጥሮ ሽኝት?»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፤ ልጅቷን ነው የምልዎት። ጠዋት ካርድ ልትገዛ ገብታ ነበር። ‹እማማ ደክመዋል መሰለኝ፤ በአፋቸው ማለት ከብዷቸው ነው እንጂ ስንቅ ቋጥረው ነው የተቀበሉኝ፣ መልካም መንገድ ተጽፎበታል› አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንደው የእናቴን ወዳጅ አስቸገርኩ ብላ እንጂ እርስዎን ተቀይማ አይደለም። ምነው፣ ካልቻሉ በስልክ አይነግሯትም ነበር?»

ብርሃንነሽ የሱቁን መደገፊያ ያዘች።

«ቀልድ ነው እኮ» አለች።

«ምኑ?»

«ስንቁ።»

ሳቢሃ ሚዛኑን መጥረግ አቆመች። «ኪሎ ዳቦ ቆሎ? ስድስት እንቁላል? ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው እትዬ?»

ብርሃንነሽ አሰበችው። እውነትም ምንም የሚያስቅ የለበትም። የሚያስቀውን ሁሉ አውጥታ የቀረውን ነው የሰጠቻት፤ የቀረው ደግሞ የሰው መሸኛ ነው። ጨዉን ሳትይዝ ተመለሰች።

በዚያው ቀን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ደወለች። እሷ ለሰው ስትደውል በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።

«ማሂራ፣ እኔ ነኝ… እንደው ማደሪያው ተመቸሽ ወይ ብዬ ነው።»

«በጣም! ኧረ እማማ፣ እንዳያስቡ። በጣም ጥሩ ክፍል ነው።»

«ቤትሽ ነው ለማለት ነው። እዚህም።»

«አውቃለሁ እማማ፤ አላህ ያክብርልኝ። እርስዎ ብቻ ይረፉ፤ ጉልበትዎትን ይያዙ።»

«ጉልበቴስ ደህና ነው። ያ ስንቅ…»

«ኧረ ሁላችንም በላነው! ጓደኞቼ ሁሉ አመስግነዋል። እጅግ ነው የደከሙት፤ አፈርኩኝ እኮ።»

«አይ፣ እሱስ…» አለች ብርሃንነሽ። ከማሂራ ጀርባ የሴቶች ጨዋታ ይሰማል፤ የሆነ ሰው በኦሮምኛ ጠራት። «በይ ደህና እደሪ ልጄ።»

«ደህና እደሩ እማማ።»

አሁንም አንድ ሌሊት አለ፤ የዓርብ ሌሊት። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ልጅቷ ወደ አጋሮ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ይህን በር የምታንኳኳበት ምክንያት አይኖራትም፤ ለራሷም ለልጆቿም «እማማ ብርሃንነሽ ደክመዋል» ብላ ትዘጋዋለች። ስልክ ላይ ካልተቻለ ፊት ለፊት ይቻላል። ነገ ሄዳ ትነግራታለች። በአፏ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ሳቢሃ ከሱቁ ውስጥ አየቻትና ምንም ሳትጠይቅ ባጃጅ ጠርታ አስቆመችላት።

«ኪቶ ፉርዲሳ መንገድ ድረስ አድርስልኝ እቺን እናቴን። እትዬ ብርሃኔ፣ ‹በሞቴ› ይበሏት እንጂ። አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉት፣ ይወጣልዎታል።»

ብርሃንነሽ መንገዱን ሁሉ ስትለማመድ ሄደች። ባጃጁ በመንደራ ቆጪ ሰፈር በኩል እየተጥመለመለ፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየዘለለ፣ እሷ ከኋላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። በሞቴ ልጄ። በሞቴ፣ እናትሽን የማስቅበት ነው። በሞቴ አንድ ቀን እደሪልኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷት ጸሎት ላይ ያለች መስሎት ሙዚቃውን ቀነሰላት። ከዚያ ሚኒባስ ይዛ ግቢው በር ላይ ወረደች።

ግቢው ከጠበቀችው በላይ ትልቅ ነው። ወጣቶች ቡድን ቡድን ሆነው ይወጣሉ ይገባሉ። ጥበቃው ከእንጨት ከተሠራች ክፍሉ ብቅ አለ፤ በዕድሜ የወንድሟ ልጅ ሊሆን የሚችል፣ ጨዋ ሰው ነው።

«ማንን ፈልገው ነው እናቴ?»

«አስተማሪዎች እዚህ ይሠለጥናሉ አሉ። ከአጋሮ የመጣች ማሂራ የምትባል።»

«ምኗ ነዎት?»

ብርሃንነሽ አፏን ከፈተች። እናቷ አይደለችም፣ አክስቷም አይደለች። ዋሽታ አክስቷ ነኝ ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር፤ ግን አልሆነላትም።

«እኔ ቤት ነበር ያረፈችው» አለች።

«አሃ፣ ተከራይ ናት?»

«አይ። እንግዳ ናት። እናቷ እኔ ቤት ታድር ነበር።»

ጥበቃው ሰዓቱን አየ። «እስከ አስራ አንድ ሰዓት አይወጡም። ግን የአዳራሹን አስተባባሪ ስልክ አለኝ፤ መልእክት ካለዎት ልንገርልዎት? እዚያው ፈልገው ይነግሯታል። ወይ ደግሞ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፣ ወንበር ላምጣልዎት።»

ወንበሩን አወጣላትና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሁለት ተማሪዎች መታወቂያቸውን ለማሳየት ቆመው ይጠብቃሉ።

«ምን ልበላት?»

«ስንቁ…» አለች ብርሃንነሽ በዝቅተኛ ድምፅ። «ስንቁ የቀልድ ነበር በላት።»

«እንዴት? አልሰማሁም።»

«ስንቁ። የሰጠኋት። ለቀልድ ነው።»

«ስንቁ ቀልድ ነበር ልበላት?» አለ ጥበቃው ጮክ ብሎ፤ ክፋት የለበትም፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን በደብተሯ ሸፈነች። ስልኩ መጥራት ጀምሯል።

ብርሃንነሽ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ቃሉ በሰው አፍ ሲባል ሰማችው፤ አዳራሽ ውስጥ፣ በመቶ አስተማሪ ፊት፣ አንድ ሰው ለማሂራ ጠጋ ብሎ እንዲህ ሲላት አየችው። ማሂራ ደግሞ በትሕትና ራሷን ስትነቀንቅ።

«ተወው ልጄ» አለች። «ዝጋው፤ አታስቸግራቸው።»

«ምንም ችግር የለውም እናቴ፣ እየጠራ ነው…»

«ተወው። በሌላ ቀን እነግራታለሁ።»

ጥበቃው ስልኩን ዘጋ። «እንግዲያው ይቀመጡና ይጠብቋት። ብዙም አልቀረ፤ ግማሽ ሰዓት ነው።»

ብርሃንነሽ ወንበሩን አየችው። አመድማ ፕላስቲክ ነው፣ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሯል። እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈች፣ የሚቀመጥ ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ጥበቃውን አመሰገነች፤ መንገዱን ተሻገረች። ከማዶ ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ከተማ! ከተማ!» ይላል። አስር ሰዓት ተኩል ነው። ከኋላ በመስኮቱ በኩል ቦታ ነበር፤ ገብታ ተቀመጠች።